ከድስቱ ጀርባ ያለው ደን

የዶሮ ወጥ ትዝታ በአገራችን የታወቀ አነሳስ አለው። የበዓል ዋዜማ፣ የሽንኩርት ክምር፣ ያንን ክምር እያነባች የምትከትፍ እናት፣ እስከ ሌሊት የሚንተከተክ ድስት፤ ከዚያ የእጇ ጣዕም። ስለዚህ ምግብ የሚነገረውም የሚጻፈውም ከጓዳው በር ብዙም አይርቅም። ጣዕሙ እዚያው ጓዳ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ይመስላል። ይህ ትዝታ ሐሰት አይደለም፤ የሽንኩርቱ እንባም የእናትየዋ ድካምም እውነት ነው። ጉድለቱ ማጠሩ ላይ ነው። ዶሮ ወጥን ገና ከግቢ ውጭ ሳለን የምናውቀው በመዓዛው ነው፤ በዚያ መዓዛ ውስጥ ተለይቶ የሚታወቀው ኮረሪማ ነው፤ ኮረሪማ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ደን በረከት ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቦንጋ ስንደርስ የሚከበን የካፋ ደን። እናቶቻችንን የምናስታውስበት ምግብ ካፋን ሳያስታውስ መኖሩን ተራ መዘንጋት አድርጌ ልወስደው አልችልም። የቤተሰብ ትዝታ የምንለው ነገር ማንን ከቤተሰብ እንደምንቆጥር ይናገራል፤ እኔም የምሟገተው ይህ ቆጠራ መስፋት አለበት ብዬ ነው።

ስለ ፍሬው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምናውቀው ደርቆ፣ ከዚያም ተፈጭቶ ነው። ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። ቅጠላማው ግንዱ የሰው ቁመት ያህል ያድጋል፤ አበባውና ፍሬው ግን ከላይ አይደለም የሚገኙት። ከግንዱ ግርጌ፣ አፈሩን ተጠግተው ይወጣሉ፤ ለቃሚው ጎንበስ ብሎ፣ የረገፈውን ቅጠል በእጁ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ነው የሚያገኛቸው። የበሰለው ፍሬ ደማቅ ቀይ ነው፤ ታቹ ወፈር፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ትንሽ ጠርሙስ ይመስላል። ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፤ ልጣጩ ተጨማዶ መስመር መስመር ያወጣል። ብዙ ጊዜ ተበስቶ በገመድ ይሰካና ይሰቀላል፤ ከምድጃ በላይ የሰነበተ እንደሆነ የቤቱን ጭስ ይጠጣል። አንዱን ሰብረው ሲከፍቱት የሚያብረቀርቁ ቡናማ ዘሮች ተጣብቀው ይወጣሉ፤ ሁለት ሦስቱን በጥርስ ሲያደቁ መጀመሪያ ቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ሞቅ የሚል ስሜት ምላስ ላይ ይቀራል። ሆላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጃንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመሞች ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ተክል ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል፤ ዛሬ ተክሉ በሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም መጨረሻ ላይም የእርሳቸው ስም አለ። ጥላ ይወዳል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከታች እርጥብ አፈር ካላገኘ አይመቸውም። ስለዚህ ኮረሪማ ስንል ፍሬውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ያንን የሚያጠላውን ዛፍ ሁሉ መጥራታችን ነው።

እዚህ ላይ ወጥ የሚያውቅ ሰው የሚያነሳውን ክርክር አውቃለሁ። ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገው ቁሌቱ ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየበሰለ፣ ቅቤው ገብቶ እስኪወዛ ያለው ሰዓት ነው። ኮረሪማ አንድ ቁንጥር ነው፤ በአንድ ቁንጥር ይህን ያህል መሟገት ማጋነን አይሆንም ወይ? መልሱ ራሱ ሙያው ውስጥ አለ። ኮረሪማ ወደ ድስቱ የሚገባው አንዴ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙዱ ጋር አብሮ ይደለዛል፤ ቅቤው ሲነጠር ከኮሰረቱና ከበሶብላው ጋር ይገባል፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ በመከለሻው ውስጥ ሦስተኛ ይመለሳል። ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ሥራ ይሠራል። የመጨረሻው የሚዘገየው በምክንያት ነው፤ መዓዛ የሚሰጡት ዘይቶች በእሳት ላይ ሲቆዩ ይተናሉ፤ ዘግይቶ የገባው ኮረሪማ ግን ከነሙሉ መዓዛው ገበታ ላይ ይደርሳል። ባለሙያዎቻችን ይህን ያወቁት የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይከፍቱ ነው። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ አጭር መንገድ ስሜትና ትውስታን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል እንደሚገባ ዛሬ በጥናት የታወቀ ነው። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ከትዝታ ጋር የተጋባው በየትኛው በር እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ሆድን የሚሞላውን ክፍል መመዘን ብቻ አያዋጣም፤ መጨረሻ ላይ የሚነሰነሰውን ቁንጥር መጠየቅ አለብን።

ከአገር የራቁት ወገኖቻችን ጓዳ ይህንኑ ይመሰክራል። ኮረሪማ በቅርብ የማይገኝበት ከተማ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ሄል ይተካበታል፤ በዓለም ገበያ በብዛት ከጓቴማላና ከሕንድ የሚመጣውን አረንጓዴውን። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲኒዮል የሚባለውን የሚያቀዘቅዝ ንጥረ ነገር ይጋራሉ፤ ሄሉ ግን ኮረሪማ የሌለው ጣፈጥ ያለ የአበባ ጠረን አለው። ወጡ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይመሰገናል፤ ሆኖም የቀመሰው ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል ማለቱ አይቀርም። ሽንኩርቱ አልጎደለም፣ በርበሬው አልጎደለም፣ ዶሮውማ ከአገር ቤቱ በእጥፍ የሰባ ነው። ከአገር ቤት የሚላከው ሻንጣ ውስጥ መከለሻና ኮረሪማ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን የማይጠፋውም ለዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ እዚያው ያለ ሱቅ ይሸፍነዋል።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። ዶሮ ወጥ የሰሜኑ የክርስቲያን ደጋ ምግብ ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ጾሙም ፍስኩም የሠራው ነው፤ ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ቤት በፋሲካ ሌሊት የሚፈታበት ነው። ካፋን በዚህ ታሪክ ውስጥ ማስገባት የዘመኑ ፖለቲካ የወለደው ድርሻ የማካፈል ሥራ ይመስላል የሚል ይኖራል። ግን የወጡን ዕቃዎች አንድ በአንድ ስናይ ከአንድ ደጋ የወጣ ነገር አናገኝም። ዶሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣች ናት፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባለው ከአክሱም በፊት የነበረ መንደር የተገኙትን የዶሮ አጥንቶች ያጠኑት ኅሊና ወልደኪሮስና ባልደረባቸው፣ ዶሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ውስጥ እንደደረሰች አሳይተዋል። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የወጣው ገና እ.ኤ.አ. ከ1490ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዶሮዋም በርበሬውም እንግዳ ሆነው ገብተው ቤተኛ የሆኑ ናቸው። ከዋና ዋናዎቹ መካከል በዚህችው ምድር፣ ዛሬም ድረስ በራሱ ደን ውስጥ ሳይተከል የሚበቅለው ኮረሪማ ነው። ሰፋ አድርገን ካየነው ደግሞ አህጉሩን የሚያስተሳስር ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ የሾርባና የወጥ ድስቶች ውስጥ የሚገባው መላጌታ የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው፤ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ዛሬ ላይቤሪያ ያለችበትን ጠረፍ በዚያ ቅመም ስም እስከመጥራት ደርሰው ነበር። የእኛን ድስት አፍሪካዊ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ዘመድነት ነው። አንድ ጠረፍ በቅመሙ ሲጠራ፣ የእኛው ቅመም አገሩ ሳይጠራ መቅረቱ ይቆጨኛል።

ደግሞም ኮረሪማ ወደ ሰሜን የሄደው ትናንት አይደለም። ካፋ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ሥርዓት የነበረው መንግሥት ነበር፤ ቦንጋም የነጋዴ ከተማ ነበረች። ከዚያ የሚነሳው ቅፍለት በጅማው ሒርማታ ገበያ አልፎ፣ የጊቤን አገሮች አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይደርስ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ ተጭኖ ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። በዚሁ መንገድ ሰዎችም ታስረው ይነዱ ነበር፤ ስለ መዓዛው መንገድ የሚያወራ ሰው ይህን ቢደብቅ ትዝታውን ያበላሸዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው በእስር ወደ መሐል አገር ተወሰዱ፤ ዳግም በዙፋናቸው ላይ አልተቀመጡም። ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው የገባር ሥርዓት ምድሪቱን ምን ያህል እንዳራቆታት፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋን አይቶ በኋላ ሁለት ትልልቅ ጥራዞች የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር መዝግቦታል። እንግዲህ የሰሜኑ ጓዳና የካፋ ደን ግንኙነት መጀመሪያ በንግድ፣ ቀጥሎ በግብር የተሠራ ነው። ድርሻ እናካፍል ማለት የዛሬ ፈጠራ ነው የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ፍሬው ገበታው ላይ ከቀረበ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የቀረው የላከውን ሰው መጥራት ነው።

ከሁሉም ክርክሮች ከባዱ ግን ከራሱ ከካፋ የሚነሳው ነው። በቀድሞው የካፋ ሥርዓት ዶሮ የወንድ ምግብ ነበር። ፍሬድሪክ ሲሙንስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ምግብ ክልከላዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ካፋን በስም ጠቅሰው፣ ዶሮ የበላች ሴት ቅጣቷ ነፃነቷን አጥታ ባሪያ መሆን እንደነበር ጽፈዋል። በደቡብ ምዕራቡ ሌሎች ሕዝቦች ዘንድም ዶሮና እንቁላል ከሴት ይከለከል የነበረባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ታዲያ ሴት የማትቀምሰው ምግብ በምን መንገድ የቤተሰብ ትዝታ ይሆናል? የእናት እጅ ጣዕም የሚባለው ነገርስ እናቲቱ ጣዕሙን ካላወቀችው ምን ማለት ነው? ይህ ጥያቄ ሙግቴን የሚያፈርስ ይመስላል፤ እኔ ግን የሚያጠነክረው ሆኖ ነው ያገኘሁት። ዶሮ ወጥ የተወለደው ካፋ ነው አላልኩም። ያልኩት የዶሮ ወጥ ትዝታ ከሚበላው ሰው ጋር ብቻ እየተቀመጠ ያቀረበውን ይረሳል ነው፤ የካፋ ክልከላ ደግሞ ይህንኑ ነገር ሳይሸፍን ያሳየናል። ወደ ሰሜን ብንሻገርስ? ዶሮዋ በ12 ብልት ትከፈላለች፤ ብልቱ በማዕረግ ይሄዳል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ጥሩ ጥሩው ለእንግዳው፣ ክንፉ ወደ ልጆች። ከሌሊት ጀምራ ዶሮዋን ስትገነጥል፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ስታጥብ፣ ጠረኗ እስኪጠፋ ውኃ ስትቀይር ያደረችው ሴት የምትቀመጠው ሁሉም በልቶ ሲነሳ ነው፤ የሚደርሳትም ብዙ ጊዜ መረቁ ነው። የሰሜኑ ልማድ እንደ ካፋው በቅጣት አያስፈራራም፤ ግን የሠራችውን ወደ ኋላ የማስቀመጡ ነገር በሁለቱም ቤት አለ። ካፋም በአገሪቱ ገበታ ላይ የተቀመጠው በዚህችው ሴት ቦታ ነው፤ ማጣፈጫውን አቅርቦ፣ ከማዕዱ ወዲያ።

የካፋ ክልከላ ከዚህ ሌላ አንድ የሚያስተምረን አለ፤ የምግብ ትዝታ ከጥንት የወረደ የማይለወጥ ቅርስ አለመሆኑን። ያ ቅጣት ዛሬ የለም። የመስከረሙ የማሽቃሮ በዓል፣ መስቀሉ፣ ገናው፣ ፋሲካው በቦንጋና በዙሪያዋ ሲከበር ዶሮ ወጥ ከቆጮው፣ ከክትፎው፣ ከማሩ ጠጅ ጎን ይቀርባል፤ ሴቶችም ይበሉታል። አያት የማታውቀው ጣዕም ለልጅ ልጅ የልጅነት መዓዛ ሊሆን የሚበቃው በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ይህ ተስፋ ይሰጠኛል። አንድ ቤተሰብ ማን ይቀመጥ፣ ማን ይብላ የሚለውን ልማዱን በሁለት ትውልድ ውስጥ ከለወጠ፣ አገርም ማን ይታወስ የሚለውን ለመለወጥ መቶ ዓመት አያስፈልጋትም።

ሌላ ሰው ደግሞ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ትዝታ ምንጭ አይጠይቅም። የእናቱን ወጥ የሚናፍቅ ሰው ኮረሪማው ከየት እንደመጣ ባያውቅ ናፍቆቱ አይቀንስም፤ ስለ ደን ማውራት ለሌላ ጊዜ ይሁን። የመጀመሪያው ሐሳብ ትክክል ነው፤ ናፍቆት እውቀት አይፈልግም። ጥበቃ ግን ይፈልጋል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጥብቅ ሥፍራው አጠቃላይ ስፋት ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ሲመዘገብ በዋናነት የተነሳው የጫካ ቡና ነው፤ ተገቢም ነው፤ ቦንጋ ላይ የተሠራው ብሔራዊ ሙዚየምም የቡና ነው። ነገር ግን ቡና የተከበረበት መንገድ ለኮረሪማ ሁልጊዜ አይመቸውም። የጫካው ቡና ምርት እንዲጨምር ሲፈለግ ሥር ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ጥላውም ይሳሳል፤ ኮረሪማውን ከቡናው ጋር የሚተውለት ገበሬ አለ፣ አብሮ የሚያጭደውም አለ። ለሻይ፣ ለእርሻ፣ ለሰፈራ ተብሎ የሚቆረጠው ደን ደግሞ ጥላውን ጨርሶ ይወስደዋል። ቡና ስም ስላለው ጠበቃ አለው፤ ኮረሪማ ስም ስለሌለው ለየዛፉ ጥላ የሚሟገትለት ጥቂት ነው። እነዚያው ጥቂቶችም በአብዛኛው ደኑ ዳር የሚኖሩት፣ ከደኑ በሚለቅሙት የሚተዳደሩት ናቸው፤ ከእነርሱ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በገዛ አካባቢያቸው ለዘመናት ከሌላው ሰው ጋር ገበታ እንዳይቀርቡ የተገለሉ መሆናቸውን ስናስብ፣ ከማዕዱ የራቀው ቀለበት ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚሰፋ ይታያል።

ኮረሪማ የካፋ ብቻ አይደለም መባሉም ልክ ነው፤ በሸካ፣ በቤንች፣ በጅማ፣ በጋሞና በጎፋ አለ፤ በየጓሮው ከእንሰትና ከቡና ሥርም ተተክሎ ይገኛል። ካፋን ያነሳሁት የደኑ ስፋትና የንግዱ ታሪክ አንድ ላይ ስለሚገኙባት ነው፤ የሸካ ሰው የራሱን ቢያነሳ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ፣ ስም መጥራት ምን ይጠቅማል ለሚለው በቂ ማስረጃ በቅርቡ ታሪካችን አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምራ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ፣ ስሙ ለገበሬው ምን ይፈይዳል የሚል ክርክር ገጥሟት ነበር። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በዚህ ጉዳይ የነበረው አለመግባባት እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው የእነዚህን ቦታዎች ስም በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ፤ ዛሬ የቡና ገዢ ፓኬቱ ላይ የቦታ ስም ፈልጎ ነው ዋጋ የሚከፍለው። ወደ ቅመም ተራ ስንሄድ ግን መከለሻው በላስቲክ ታሽጎ፣ ኮረሪማው በጆንያ ተዘርግቶ፣ አገሩ ሳይጻፍበት ይሸጣል። ነጋዴውን ብትጠይቁት ያውቀዋል፤ የጅማ ነው፣ የቦንጋ ነው፣ የጋሞ ነው ብሎ በመልኩና በሽታው ይለይላችኋል። ስለዚህ እውቀቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ከነጋዴው ወደ ገዢው፣ ከገዢው ወደ ጓዳው አልተሻገረም እንጂ። ሲሻገር ሁለት ነገር ይከተላል። የቦንጋ ኮረሪማ ተብሎ የተሸጠ ፍሬ ለለቀመችው ሴት የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ዛፉን ቆርጦ ከመሸጥ አቁሞ ከሥሩ መልቀም የሚያዋጣ ይሆናል። ወጥ የምታስተምር እናትም ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው ብላ ለልጇ ስታሳይ፣ የት እንደበቀለና ማን ጎንበስ ብሎ እንዳነሳው አብራ ትነግረዋለች።